ክሬኖችን ለማየት ወደ ፎገራ ሜዳ በቡድን ለሚወጡ

የአውሮፓንና የሩሲያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች፣ ማለትም ረጅም እግርና አንገት ያላቸው ትላልቅ ወፎች፣ ፎገራን ጨምሮ በጣና ሐይቅ ዙሪያ በጋውን የሚያሳልፉ ቢሆንም፣ በቡድን ለመውጣት የሚመረጡት ወራት ታኅሣሥና ጥር ናቸው። በዚህ ጊዜ የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ስለሚነሣ ወፎቹ በቃርሚያው መካከል የረገፈውን ፍሬ ሲለቅሙ ያለ ከለላ ይታያሉ። የመኪናው ነገርም አለ፤ የሜዳው ጥቁር አፈር ዝናብ ከነካው የያዘውን ጎማ በቀላሉ አይለቅም።

ክሬኖች ሌሊቱን እንደ ሸሸርና ወላላ ባሉ ረግረጋማ ሥፍራዎች ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ ማሳ ይበተናሉ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ቀኑ የሚታቀደው በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ዙሪያ ነው። የፎገራዋ ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ንጋቱን ለማየት በሌሊት ከመንዳት ይልቅ ወረታ ማደር ይሻላል፤ ከዚያም በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ አይዘለልም።

የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ቢመዘገብም፣ ክሬኖቹ የሚውሉበት መሬት በአብዛኛው የገበሬ ማሳና የጋራ ግጦሽ ነው። ስለሆነም ለቀበሌው አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ባለማሳውን ማስፈቀድ፣ ያልተሰበሰበ ሽምብራና ጓያ አለመርገጥ ግዴታ ነው። ወፎቹ ትናንት የት እንደዋሉ ከከብት ጠባቂዎች የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ከእነርሱ አንዱን በአግባቡ ከፍሎ መሪ ማድረግ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል።

ቡድኑ ከአሥር ሰው ባይበልጥ ይመረጣል። ለጠዋቱ ብርድ ጋቢና ነጠላ መደረብ የተለመደ ቢሆንም፣ ነጭ ልብስ በተላጨ ሜዳ ላይ ከሩቅ ስለሚታይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ካፖርት ይሻላል። ባይኖኩላር ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል፤ በማቆሚያ ላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ ከተገኘ ግን አንዱ ለሁሉም ይተርፋል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም።

ምን ያህል መቅረብ እንደሚቻል የሚናገሩት ወፎቹ ራሳቸው ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከለቀሙ ድረስ መቆየት ይቻላል፤ አንድ ሁለቱ ቀና ሲሉ ባሉበት መቆም፣ መንጋው በሙሉ አንገቱን አቅንቶ በአንድ አቅጣጫ መራመድ ሲጀምር ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ለፎቶግራፍ ሲባል መንጋ ማስነሣት ነውር ነው፤ ወፉ ለረጅሙ የመልስ ጉዞ የሚያጠራቅመውን ጉልበት ያለ ምክንያት ያባክናል።

ለመለየት ግራጫው ክሬን ጥቁርና ነጭ አንገት፣ በአናቱም ላይ ቀይ ምልክት አለው። ዓመቱን ሙሉ በአገር የሚኖረው ጥቁሩ ባለ ዘውድ ክሬን በራሱ ላይ በቆመው ወርቃማ ጉንጉን ይታወቃል፤ ከግራጫው በተለየም ዛፍ ላይ ሲያርፍ ይታያል። በበረራ ጊዜ አንገቱን አጥፎ የሚሄደው ግን ሳቢሳ እንጂ ክሬን አይደለም፤ ክሬን አንገቱን ዘርግቶ፣ ብዙ ጊዜም እየጮኸ ነው የሚበርረው።

ለመቁጠር ምሽቱ ይመቻል። አንድ ሰው ይቆጥራል፣ ሌላው ሰዓቱንና አቅጣጫውን ይጽፋል። መንጋው ሲበዛ አሥር ወፍ ምን ያህል ሥፍራ እንደሚይዝ በዓይን ለክቶ በዚያ ልክ መቀጠል እንጂ አንድ በአንድ መከተል አያዋጣም። በእግሩ ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ያለው ክሬን ከታየም ቀለማቱን ከላይ ወደ ታች፣ የግራውንና የቀኙን ለይቶ መመዝገብ ይገባል፤ በአውሮፓ አሠራር የአንዱ እግር ቀለማት ቀለበቱ የታሰረበትን አገር፣ የሌላው ደግሞ ያንኑ ወፍ ለይተው ያመለክታሉ።