በሰፈራችሁ መኪና ይሮጣል ወይስ ያሳብራል? ቆሞ የመቁጠር ዘዴ

አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞ ወይም የካ አባዶ፣ የከተማው ዳር ያለ የትኛውም ሰፈር የነዋሪ ስብሰባ የመኪና ጉዳይ ሳይነሳበት አይበተንም። አንዱ «ብሬከር ይሠራልን» ይላል፣ ሌላው «የብረት በር ተክለን ጥበቃ እንቅጠር» ይላል፣ ሦስተኛው ድንጋይ ለመደርደር ቸኩሏል። ወረዳ ሄዳችሁ «ስንት መኪና ነው? በምን ፍጥነት?» ብትባሉ ግን መልስ የለም፤ ቆሞ የቆጠረ ሰው ስለሌለ።

ከሁሉ በፊት ሁለቱን ነገሮች ለዩ። መሮጥ አንድ ነው፣ ማሳበር፣ ማለትም ዋናውን አስፋልት ሸሽቶ በሰፈር ውስጥ አቋርጦ ማለፍ፣ ሌላ። የሚያሳብረው መኪና ተራውን ጠብቆ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል። የሚሮጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ጉድጓዱንና መታጠፊያውን ስለሚያውቅ አይፈራም። በር ብትተክሉ ለእሱ ይከፈትለታል፣ ስለዚህ ሩጫው አይቆምም። በሌላ በኩል አስፋልቱ ላይ ረጅም ሰልፍ ያስመረረው ሹፌር አንድ ብሬከር አይመልሰውም።

ቀኑን ስትመርጡ ትምህርት ቤት የተከፈተበት ወቅት ይሁን፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ። የክረምት ቆጠራ ዋጋ የለውም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1:00 እስከ 2:30፣ ማታ ደግሞ ከ11:00 እስከ 1:00 ይሁን። ቅሬታው ስለ ሲኖ ትራክ ከሆነ ማታ ከመሸ በኋላም ቁጠሩ፤ ከባድ መኪና ቀን ላይ የሰዓት ገደብ ስላለበት የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ሌሊት ነው።

ፍጥነት ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። መንገዱ ቀጥ ባለበት ቦታ በሜትር 50 ሜትር ለኩና ሁለቱን ጫፎች በኖራ ወይም በጠመኔ ምልክት አድርጉባቸው። የመብራት ምሰሶዎችን ርቀት በግምት አትውሰዱ፣ እኩል አይደሉም። የመኪናው የፊት ጎማ የመጀመሪያውን ምልክት ሲረግጥ የስልኩን ሰዓት አስጀምሩ፣ ሁለተኛውን ሲረግጥ አቁሙ። 180ን ለሴኮንዱ ስታካፍሉ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት ታገኛላችሁ፦ 6 ሴኮንድ 30 ነው፣ 4.5 ሴኮንድ 40፣ 3.6 ሴኮንድ 50፣ 3 ሴኮንድ ደግሞ 60።

«50 ሜትር በዛ፣ 20 ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ጣት ግማሽ ሴኮንድ ብትዘገይ ወይም ብትቀድም በ40 የሚሄደው መኪና በ50 ሜትር ላይ ከ36 እስከ 45 ሆኖ ይነበባል፤ በ20 ሜትር ላይ ግን ከ31 እስከ 55። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ቢሮ መሄድ ራስን ማስገመት ነው። ቀጥ ያለ 50 ሜትር ከጠፋ 25 ሜትር ለኩና ሁለቱም ምልክቶች እንዲታዩ አድርጋችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ቪዲዮውን እያዘገማችሁ ሰዓቱን አንብቡ። በዚህ ጊዜ የምታካፍሉት 90ን ነው።

የቆማችሁበት ቦታ ከሒሳቡ ይበልጣል። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳችሁ መንገድ ዳር ከቆማችሁ የለካችሁት የሹፌሩን ጠባይ ሳይሆን የራሳችሁን ግርማ ነው። ትራፊክ ፖሊስ የመሰለ ሰው የታየ እንደሆነ ያለፉት መኪኖች ከፊታቸው ለሚመጡት መብራት ብልጭ ያደርጋሉ፣ ሁሉም በአንዴ ጨዋ ይሆናል። ከግቢ በር ውስጥ፣ ከሱቅ በረንዳ ወይም ከኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ሆናችሁ ለኩ። ከፊቱ ሌላ መኪና ስላለ ብቻ ቀስ ያለውን አትመዝግቡ፤ መንገዱ ክፍት ሆኖለት የሚሄደውን ብቻ ያዙ።

ቢያንስ 100 መኪና ይኑራችሁ፤ ፍጥነታቸውንም ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ደርድሩ። ከመቶው 85ኛው ላይ ያለው ቁጥር የመንገዱ እውነተኛ ፍጥነት ነው፤ የመንገድ ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበትም እሱ ነው። አማካይ ወስዳችሁ አትሂዱ፣ የሚሮጡትን ይሸፍናል። ጆሯችሁንም አትመኑ። ባዶ አይሱዙ ኮብልስቶን ላይ በ25 ሲሄድ ቤት ያናውጣል፤ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በ60 አልፎ ድምፁ ከእሱ ያንሳል።

አስቸጋሪው ማሳበሩን መለየት ነው። «የማላውቀው መኪና ነው» ማስረጃ አይሆንም፤ በሺህ ቤት ሰፈር ውስጥ ሁሉን የሚያውቅ ሰው የለም። ዘዴው ሰሌዳ ማገናኘት ነው። አንድ ሰው መግቢያው ላይ፣ አንድ ሰው መውጫው ላይ ይቀመጥ። የሁለቱም ስልክ ሰዓት አንድ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለእያንዳንዱ መኪና ደቂቃውን፣ ኮዱንና የመጨረሻዎቹን ሦስት ቁጥሮች ጻፉ። በከተማው ዳር አአ፣ ኦሮ እና ኢት ሰሌዳዎች ስለሚቀላቀሉ ፊደሉንም ጨምሩ፤ ያለዚያ ሁለት የተለያዩ መኪኖችን አንድ ታደርጋላችሁ። መጻፍ ካልደረሰላችሁ በስልክ ድምፅ ቅዱና ቤት ስትገቡ ገልብጡት።

ከዚያ በራሳችሁ መኪና ወይም በባጃጅ መንገዱን በተለመደ ፍጥነት አልፋችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እዩ። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ አንድ ደቂቃ ጨምሩ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ በአንዱ ገብቶ በሌላው የወጣ መኪና አሳባሪ ነው፤ ዳቦ የገዛ ወይም ቤቱ የገባ በዚህ ፍጥነት አይወጣም። 60 ገብተው 36ቱ እንዲህ ከወጡ ማሳበሩ 60 በመቶ ነው። ሁለት ዓይነት መኪኖች ያሳስታሉ፦ ተሳፋሪ አውርዶ ወዲያው የሚወጣ ራይድ እና በውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ልጅ የሚያደርስ ወላጅ። ትምህርት ቤት ካለ በሩ ላይ ሦስተኛ ሰው አስቀምጡ። የሰሌዳ ዝርዝሩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ ቆጠራው ሲያልቅ ድምሩን ብቻ አስቀርታችሁ ወረቀቱን ቅደዱት።

ማሳበር ካገኛችሁ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ሁልጊዜም ከሰፈሩ ውጭ ነው። የታጨቀ አደባባይ፣ የተዘጋ መዞሪያ ወይም ለኮሪደር ልማት የተቆፈረ አስፋልት ይሆናል። በዚያው ሰዓት የስልክ ካርታ ከፍታችሁ የዋናውንና የውስጡን መንገድ ደቂቃ አነጻጽሩ። ምክንያቱ ቁፋሮ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ድጋሚ ቁጠሩ እንጂ ዘላቂ ነገር አትጠይቁ።

ጎማ ቀብሮ ወይም አፈር ቆልሎ በግል የሚሠራ ብሬከርን እቃወማለሁ። አጭርና ሹል ስለሆነ አምቡላንስንና ነፍሰ ጡርን ይጎዳል፣ በክረምት ደግሞ ውኃውን ከቦዩ አስቶ ወደ ሰው ግቢ ይልካል። በደንብ የሚሠራ ጉብታ ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ መኪናው የሚወጣበት ርዝመት ደግሞ 3.7 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ብቻውን አይረባም፤ ሹፌሩ አልፎት መልሶ ይረግጣል። በየ100 ሜትር ገደማ ሲደጋገም ነው የሚሠራው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፦ 85ኛው ፍጥነት፣ የማሳበሩ መቶኛ፣ የተቆጠረበት ቀንና ሰዓት፣ በእጅ የተሳለ ንድፍ። በደረቅ አስፋልት በ30 የሚሄድ መኪና ለመቆም ሹፌሩ አደጋውን ካየበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ 13 ሜትር፣ በ50 የሚሄድ ወደ 28 ሜትር እንደሚፈልግ ጨምሩበት። የኮሚቴው ወይም የእድሩ ማህተም ይረፍበት። የሚገባው በወረዳው በኩል ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ባለስልጣን ነው፤ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ያላችሁ ግን ወደ ሸገር ከተማ አስተዳደር ሂዱ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን በቅጂያችሁ ላይ አስጽፉ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልገባ ይቆጠራል።

የጠየቃችሁት ከተሠራ በኋላ በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ ድጋሚ ለኩ። ቀጥሎ ያለውን ጎዳናም አብራችሁ ቁጠሩ፤ ያውም ከመሠራቱ በፊት ጀምሮ፣ አሳባሪው ወደዚያ መዞር አለመዞሩ የሚታወቀው ሁለቱ ቁጥሮች ሲነጻጸሩ ነውና።