ጭራዋን ወደ ራሳችሁ አዙሩ
አዳማ ላይ የሪሞት ሄሊኮፕተር ማብረር የሚለምድ ሰው መጀመሪያ የሚታገለው ከነፋሱ ጋር ነው። እነዚያ የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት አልተተከሉም። እኔ የምወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የዛፍ ቅጠል ከተወዛወዘ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ከሄሊኮፕተሯ 5 ሜትር ያህል ራቁ። ጭራዋን ወደ ራሳችሁ አዙሩ፣ ወገብ ድረስ ብቻ አንሷትና እዚያው አየር ላይ አቁሟት። ለሳምንታት ሌላ ነገር አትሞክሩ። አፍንጫዋ ወደ እናንተ ሲዞር ግራና ቀኙ ይገለበጥባችኋል። የመጀመሪያ ክንፏን የሰበርኩት በዚያች ቅጽበት ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከእግሯ ሥር ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች በመስቀል እሰሩ። ጫፋቸው ላይ የፒንግፖንግ ኳስ ሰኩ። ስታርፍ እንዳትገለበጥ ይረዳታል።

የሄሊኮፕተሯ የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ አንዱ ሴል፣ ማለትም በውስጡ ካሉት ክፍሎች አንዱ፣ ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም። ቻርጅ ላይ ትታችሁት ከቤት አትውጡ፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።