ሁለት ሰንጋ፣ አንድ ፍሪጅ፦ ድርጅቶች ለአእምሮ ሕሙማን ሲለግሱ የሚሠሯቸው ስህተቶች

አምና በፋሲካ ዋዜማ በራችን ላይ ሁለት አይሱዙ ቆመ። ሁለቱም ሰንጋ ጭነዋል። አንዱ ከአንድ አስመጪ ነው፣ ሌላው ከአንድ ፋብሪካ። አንዱ የሌላውን መምጣት አያውቅም። ሁለቱም ፎቶ አንሺ ይዘዋል። እኛ ያለን ፍሪጅ አንድ ነው፤ እሱም በሩ አልዘጋ እያለ በገመድ የምናስረው።

55 ቀን ሲጾም በከረመ ሆድ ላይ ያ ሁሉ ሥጋ ወረደ። ሰኞ ግማሹ ቤት ሆዱን ይዞ ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት ሲስተር ጠራችኝና ባዶ ካርቶን አሳየችኝ። በየወሩ የሚወጋው መድኃኒት አልቋል።

አመስጋኝ አይደለም እንዳትሉኝ። ሰንጋው በፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ። 8 ዓመት በአንድ ባንክ የኮሙኒኬሽን ክፍል ስሠራ እኔም ሰንጋ ነድቻለሁ። አሁን የአእምሮ ሕሙማን የሚኖሩበት አንድ ትንሽ ማዕከል ውስጥ አስተባባሪ ነኝ። ሰጪም ተቀባይም ሆኜ ስላየሁት ነው የምጽፈው።

በዓል ጠብቆ መምጣት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ጋ ነው።

እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። አንዱ ዶሮ፣ አንዱ በግ፣ አንዱ ድፎ ዳቦ። መስከረም ማብቂያ ላይ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ይመጣና ቲሸርት ይታደላል። ሰኔ ላይ ደግሞ "በጀቱ ሊቃጠልብን ነው፣ በ3 ቀን ውስጥ ደረሰኝ ላኩልን" የሚል ስልክ ይበዛል። ከዚያ ሐምሌ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ በራችንን የሚያንኳኳ የለም። ልብስ አይደርቅም፣ ፍራሽ ይረጥባል፣ ሳሙና ያልቃል። ታካሚው ግን ያው እዚያው ነው።

ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም በዓል አያውቅም። ባይፖላርም እንደዚያው። መድኃኒቱ በየቀኑ ይዋጣል ወይም በየወሩ ይወጋል፤ ለዓመታት። ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል። ያኔ ማክሰኞ ያለቀው መርፌ የተገኘው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። በመሀል አንድ ልጃችን እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ማውራት አበዛ። አንድ ሌሊት አጥር ዘሎ ጠፋ። በ9ኛው ቀን አውቶቡስ ተራ አካባቢ ባዶ እግሩን አገኘነው። ከመጥፋቱ በፊት ኩሽና ገብቶ ሽንኩርት የሚልጥ፣ ሌሎቹን የሚያስቅ ልጅ ነበር። እንደገና ሽንኩርት ለመላጥ ሦስት ወር ፈጀበት። የአንዱ ሰንጋ ዋጋ በእጄ ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ በጣም ያስርባሉ። ቡታጅራ አካባቢ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ ተጠንቶ ነበር። ጎልቶ የወጣው ምክንያት መድኃኒቱ የሚያመጣውን ረሃብ የሚያስታግስ ምግብ ማጣት ነው። ሰውየው ክኒኑን የሚጥለው ስለናቀው አይደለም። ክኒኑ ሲያስርበው የሚበላው ስለሌለ ነው። ስለዚህ በተራ ማክሰኞ የሚቀርብ ሽሮ ከሕክምናው ይቆጠራል። በዓመት አንድ ቀን የሚበላ ጥሬ ሥጋ አይቆጠርም።

አንድ ማተሚያ ቤት ያላቸው ሰው አሉ። ወር በገባ በ5ኛው ቀን ገንዘብ ያስገባሉ። ብዙ አይደለም። አንድም ቀን ፎቶ አልተነሱም። አንዴ ብቻ መጥተው በር ላይ እንደቆሙ "መርፌው ደረሰ?" ብለው ጠየቁና ሄዱ። እኔ በእሳቸው ገንዘብ ላይ እቅድ እሠራለሁ። በሰንጋ ላይ እቅድ አይሠራም።

ካሜራ

ይሄኛው የራሴ ጥፋት ነው።

ባንክ እያለሁ ለአንድ ማዕከል ገንዘብ ልንሰጥ ሄድን። በሩ ላይ እንደ አልጋ የሚያህል የካርቶን ቼክ አስይዤ፣ ታካሚዎቹን በሁለት ረድፍ አሰልፌ፣ ኃላፊያችንን መሀል አቆምኩ። "ፈገግ በሉ" ያልኩት እኔ ነኝ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም እሺ ብለዋል። ምሳው ገና ያልቀረበ ሰው ምሳ ይዞ የመጣን እንግዳ እንዴት እምቢ ይበል?

ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። በሳምንቱ አንዲት ሴት ቢሮ ድረስ መጣች። አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ ከኋላ ረድፍ አንድ ፊት አሳየችኝ። "ወንድሜ ነው። ድኖ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ሥራ ሊቀጥረው ቃል የገባለት ሰውዬ ይሄን አይቶ 'ይቅር' አለን" አለችኝ። ፎቶውን አወረድኩት። ግን ስንት ሰው ተቀባብሎታል።

የሕንፃውን ፎቶ አንሱ። የመድኃኒቱን ካርቶን አንሱ። ሲስተርን አንሷት፣ ደስ ይላታል። የታካሚ ፊት ግን አይነሳም። ጀርባ ቢሆንም አይነሳም፤ እናት የልጇን ጀርባ ታውቃለች።

ባነር ላይ የሚጻፍ ቃል

"አእምሯቸውን የሳቱ ወገኖቻችንን እንርዳ" የሚል ባነር ግቢያችን ውስጥ ተሰቅሎ ያውቃል። ማንበብ የሚችሉ ታካሚዎች አሉን እኮ።

ያልተጠየቀ መድኃኒት

ከውጭ የመጣ አንድ ካርቶን ተረክበን ነበር። የርክክብ ንግግሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ስንከፍተው የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ 4 ወር ቀርቶታል። ለዚያውም እዚህ ያሉ ሐኪሞች የማያዙት ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል ይላል። የተበላሸ መድኃኒት ደግሞ ዝም ብሎ አይጣልም፤ ማስወገዱ ራሱ ደብዳቤ፣ መኪናና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ደውሉ። ዝርዝሩን ሲስተር በ5 ደቂቃ ትልክላችኋለች። ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ላይ የምታገኙት ርካሽና የቆዩ መድኃኒቶችን ነው፤ ለስኪዞፍሬኒያ ሃሎፔሪዶል፣ ለድብርት አሚትሪፕታይሊን፣ ለሚጥል በሽታ ፊኖባርቢታል። ከሥራቸው ደግሞ የአዋቂ ዳይፐርና ኦሞ።

ክፍል ሠርቶ ሠራተኛ መርሳት

አንድ ድርጅት 4 ክፍል ሠርቶ፣ በእብነ በረድ ስሙን አስቀርጾ፣ ሪባን ቆርጦ ሄደ። ቆንጆ ክፍሎች ናቸው። ሁለቱ ተቆልፈዋል። የማታ ተረኛ የምንቀጥርበት ደመወዝ የለንማ! "ለደመወዝ አንሰጥም፣ ፖሊሲያችን አይፈቅድም" ይሉኛል። ታካሚን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሌሊት ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ማን ነው? ግድግዳው ነው?

ሁሉን ነገር አዲስ አበባ ላይ መከመር

አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ልገሳ ሲያስብ ወደዚያው የሚያስበው። ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ ቀጠሮ የሚመላለሰውን ገበሬ አስቡት። አንድ ቀጠሮ ለትራንስፖርት፣ ለመኝታ፣ ለአስታማሚ ምን ያህል እንደሚያስወጣው። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ይቀራል። በጉራጌ አካባቢ የተሠራ ጥናት ደግሞ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሰጡት ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ፋብሪካችሁ ያለበት ወረዳ ጤና ጣቢያ አለው አይደል? እዚያ ሄዳችሁ "መድኃኒቱ ስንት ጊዜ ይቋረጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከመልሱ ጀምሩ።

ከጸበል ጋር መጣላት

"ወደ ጸበል ሳይሆን ወደ ሐኪም" የሚል ፖስተር አሳትሞ የመጣ ነበር። ሰውየው ቅን ነው። ግን ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛውን መጀመሪያ የሚወስደው እዚያ ነው። ፖስተሩን ያየች እናት ሐኪሙን ትታ ወደ ጸበሉ ትሄዳለች እንጂ ጸበሉን ትታ ወደ ሐኪሙ አትመጣም። ካህኑን አነጋግሩ። "ጸበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑም አይቋረጥ" የምትል አንዲት ቃል ከእሳቸው አፍ ስትወጣ ከሺህ ፖስተር ትበልጣለች። በእምነት ቦታ በሰንሰለት የታሰረ ሰው ስታዩም መጀመሪያ ቤተሰቡ ለምን እንዳሰረው ጠይቁ። አብዛኛው ጊዜ መልሱ "ሌላ ምን ላድርግ" ነው።

ተፈናቃዮችን "የደረሰባችሁን ንገሩን" ማለት

አውቶቡስ ሞልታችሁ፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና የወሰዱ ሠራተኞቻችሁን ይዛችሁ፣ መጠለያ ገብታችሁ ሰው ያየውን መከራ እንዲዘረዝር አታድርጉ። በአንድ ቁጭታ ሁሉን አስተርኮ መሄድን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። ቁስሉን ትከፍቱትና ማታ ወደ ሆቴላችሁ ትመለሳላችሁ። ሰውየው እዚያው ቁስሉን ታቅፎ ያድራል። ውሃ፣ ብርድ ልብስ፣ የጠፋ ዘመድ ፍለጋ፣ መናገር ሲፈልግ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው። ለመጀመሪያው ሰሞን ይሄ ይበቃል።

ትልቅ ነገር ካልሆነ ማለት

ዚምባብዌ ውስጥ ሐራሬ ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ሥራ አለ። ሠልጥነው የተመደቡ አሮጊቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ፣ ችግሩን አንድ በአንድ አብረው ይፈታሉ። ኋላ በጥናት ሲመዘን እንደሚሠራ ታይቷል። ይሄን ስሰማ የመጣልኝ የእኛ እድር ነው። ወንበሩም ድንኳኑም አለው፣ የሚያዳምጡ እናቶችም አሉት። ያጣው የሚያሠለጥንና በየወሩ የሚከታተል ነርስ ነው። ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮፖዛል ይዤ የዞርኩባቸው ድርጅቶች "ባነር የሚሰቀልበት ቦታ የታለ?" አሉኝ።

የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ

ቆጥሮ የጎደለበት ገንዘብ ከደመወዙ የሚቆረጥ ካሸር፣ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ጥበቃ፣ ቀን ሙሉ የሚሰደብ የስልክ አስተናጋጅ። እነዚህ ያላችሁ ድርጅቶች ናችሁ። ሠራተኛው ሲታመም የሰው ሀብት ክፍል የሚጠይቀው ወረቀት ላይ የሆስፒታሉ ማኅተም አለ። ማኅተሙ የአማኑኤል ከሆነ ከሻይ ሰዓት በፊት ወሬው ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። ስለዚህ ወረቀቱን አያመጣም። ከዓመት ፈቃዱ ቆርሶ ይታከማል፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ሕክምናውንም ይተዋል።

እኛ ቢሮ አንድ ልጅ ነበር። በየሁለት ወሩ "ጥርሴን ልታይ ነው" ብሎ ግማሽ ቀን ይጠይቀኝ ነበር። እኔም "አንተ ስንት ጥርስ ነው ያለህ?" እያልኩ እቀልድበት ነበር። ሥራ ከለቀቅኩ በኋላ አንድ ጠዋት ለማዕከሉ መድኃኒት ልቀበል አማኑኤል ሄድኩ። ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። 6 ዓመት እየተከታተለ ነው። ጥርሱ ደህና ነው።

ያን ቀን፣ ለፎቶው፣ የካርቶን ቼኩን ጫፍ የያዘው እሱ ነበር። "ፈገግ በል" ብዬዋለሁ።