ማንጎው ላይ ይውጣ፣ ወደ ሐይቁ ግን ብቻውን አይውረድ

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የግቢው የማንጎ ዛፍና የጣና ዳርቻ በየዕለቱ ያሳስቡታል። ብዙዎቻችን ሁለቱንም «ተው፣ ትወድቃለህ!» በሚል አንድ ጩኸት ልንከለክል እንሞክራለን፤ ይሁን እንጂ አደጋቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ልጁ የዛፉን ከፍታ በዓይኑ ያያል፣ ቅርንጫፉን በእጁ ይሞክራል፣ ሲፈራም ይቆማል፤ በውሃው ውስጥ ያለውን ግን ሊያይም ሊገምትም አይችልም። ስለዚህ ከመፍቀድዎ ወይም ከመከልከልዎ በፊት ልጁ አደጋውን ራሱ አይቶ ሊመዝነው ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።

ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር እ.ኤ.አ. በ2007 ልጆች የሚወዷቸውን የድፍረት ጨዋታዎች በስድስት መድባቸዋለች፦ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ስለታም መሣሪያ፣ እንደ እሳትና ውሃ ያለ አደገኛ ነገር፣ ትግል፣ እንዲሁም ከዐዋቂ ዓይን መራቅ። የእኛ ድብብቆሽ የዚህ የመጨረሻው ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

ለመውጣት የሚፈልግ ልጅ ካለዎት አስቀድመው የደረቁትን ቅርንጫፎች ይቁረጡ፤ ከዛፉ ሥር ያለውን ድንጋይና ስባሪ ጠርሙስ ያንሡ፤ ከልጁ አንገት ላይ ሻሽም ሆነ ገመድ ያውልቁ። ከዚያ በኋላ ልጁን አንሥተው ቅርንጫፍ ላይ አያስቀምጡት፤ በራሱ ጉልበት የወጣ ልጅ የመጣበትን መንገድ ስለሚያውቅ ለመውረድ ይቀለዋል፣ ሰው ያስቀመጠው ግን አያውቀውም። ሲወጣ ከመጮህ ይልቅ «ቀጥሎ እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ጩኸት ያስደነግጠዋል፣ ጥያቄው ግን ዓይኑን ወደ ቅርንጫፉ ይመልሰዋል። (ጎረቤት «ምነው ዝም አልሽ?» ማለቱ አይቀርም፤ ይታገሡት።)

የሐይቁ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ትንሽ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሳይጮህ ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የተገለጸው እምቦጭ የተባለ ተንሳፋፊ አረም በተንሰራፋበት ዳርቻ ደግሞ አረንጓዴው ምንጣፍ ለልጅ መሬት ይመስለዋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች አሉ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጡ በዚያ ሰዓት ልጅ ይዘው አይሂዱ። ዋና መቻል እንኳ የማይመልሰው አደጋ ብልሃርዚያ የተባለው የጥገኛ ትል በሽታ ነው፤ በውሃው ዳር ካለው ቀንድ አውጣ የሚወጣው በዓይን የማይታይ እጭ በቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ ልጁ በደረቁ ዳርቻ ይሩጥ፣ ጠጠር ይወርውር፣ ታንኳ ሲያልፍ ይመልከት፤ ውሃው አጠገብ ሲደርስ ግን እጅዎ ሊይዘው በሚችልበት ርቀት ይሁኑ፣ ስልክዎንም ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ። ውሃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ፣ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው የሰገራ ምርመራ ያስደርጉለት።

ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድና በክረምት የሚሞላው የጎርፍ ቦይም ልጅ ሊመዝናቸው ከማይችላቸው ይመደባሉ፤ በእነዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከዛፉ የወደቀ ልጅ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም ያለወትሮው ከፈዘዘ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጉልበቱ ብቻ ከተላጠ ግን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ያጥቡለት፤ ልቅሶውን ጨርሶ እንደገና ልውጣ ካለም ይፍቀዱለት።