የእባብ ራክ ቤት ውስጥ ለመስራት፣ መጀመሪያ ሳጥኑን ግዙ

ሰላም እባብ ለምታሳድጉ ሁሉ፣ በተለይ እዚ አሜሪካ ሆናችሁ እባቦቹ ሶስት አራት ሲደርሱ ለየብቻ አኳሪየም መደርደሩ ቦታም ብርም የጨረሰባችሁ፣ ይሄ ለናንተ ነው። ራክ ያው መደርደሪያ ነው፣ ክዳን የሌለው ፕላስቲክ ሳጥን እንደ መሳቢያ ይገባበታል፣ ከላይ ያለው ጣውላ ራሱ ክዳን ይሆናል። ስለዚ የስራው ነፍስ ያለችው በሳጥኑ ጠርዝና በላይኛው ጣውላ መሀል ምትቀረው ክፍተት ላይ ነው፣ ሰፋ ካለች እባቡ ይወጣል፣ ከጠበበች ሳጥኑ አይንቀሳቀስም።

ለማን እንደሚሆን ቀድመን እንነጋገር። ቦል ፓይተን በተፈጥሮው ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን አካባቢ በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀኑን ሚያሳልፍ እባብ ነው፣ ጠበብና ጨለም ያለ ቦታ ይወዳል፣ ለዛም ነው ራክ ላይ ተረጋግቶ ሚበላው። ኮርን ስኔክ ግን መውጣት መንጠላጠል ይወዳል፣ ስድስት ኢንች ከፍታ ያለው ሳጥን ለሱ ያንሳል። አንድ እባብ ብቻ ያላችሁ ሰዎችም በኔ እምነት ራኩን ተዉትና ደህና ሰፊ ቤት ስሩለት። አራት አምስት ጫማ የደረሰች ትልቅ ሴት ቦል ፓይተን ደግሞ ከዚህ በታች ከምጽፈው ሳጥን የሰፋ ያስፈልጋታል፣ ይሄኛው ለወጣቶቹና ለወንዶቹ ነው።

አሁን ወደ ስራው። ብዙ ሰው እንጨቱን ገዝቶ ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ሚገባለት ሳጥን ፍለጋ ይዞራል፣ ይሄ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሳጥኑን ግዙ። አልጋ ስር ሚገባው ዝርግ የልብስ ማስቀመጫ በጣም ጥሩ ነው፣ ለምሳሌ የስተርላይት 41 ኳርቱ ርዝመቱ ወደ 35፣ ወርዱ ወደ 17፣ ከፍታው ወደ 6 ኢንች ነው። ሁሉንም ባንዴ ግዙ፣ አንድ ሁለት ትርፍም ጨምሩ፣ ምክንያቱም ፋብሪካው ቅርጹን ትንሽ ከቀየረው በኋላ ሲሰበርባችሁ ሚተካ አታገኙም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ልክ አትመኑ፣ ቤት አምጥታችሁ ጠርዙ ላይ በሜትር ለኩት፣ እያንዳንዱን ለኩና ረጅሙን ያዙ።

እንጨቱን በተመለከተ 3/4 ኢንች ሜላሚን (ላዩ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) እመርጣለሁ፣ እርጥበት ቶሎ አይገባውም፣ በጨርቅ ይጸዳል፣ ግን በጣም ከባድ ስለሆነ ሰው ጥሩና ያግዛችሁ፣ የተቆረጠው ጫፉም በሲሊኮን ወይ በጠርዝ ቴፕ መሸፈን አለበት አለበለዚያ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ፕላይውድ ካደረጋችሁት ውሃ ላይ የተመሰረተ ቫርኒሽ ደጋግማችሁ ቀቡትና ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አቆዩት። ደግሞ 3/4 ሚባለው ፕላይውድ በትክክል ሲለካ ብዙ ጊዜ 23/32 ነው፣ ለዛ ከፍታውን በሂሳብ ብቻ አትስሩት። ሴዳር ሚሉትን ሽታ ያለው የጽድ አይነት እንጨት ግን አደራ አትጠቀሙ፣ ዘይቱ እባብን ይጎዳል። ለአምስት ሳጥን ስድስት አግዳሚና ሁለት ጎን ያስፈልጋል፣ 4 በ8 ጫማ የሆነ ጣውላ ሁለት ይበቃል። ትልልቁን ቆረጣ ሆም ዲፖ እዛው ይቆርጡላችኋል። አግዳሚው ከሳጥኑ ጠርዝ ወርድ 1/4 ኢንች ይስፋ፣ በየጎኑ 1/8 ማለት ነው።

ከመግጠማችሁ በፊት የማሞቂያውን ቦታ አዘጋጁ። ማሞቂያው ሂት ቴፕ ሚሉት ስስ ፕላስቲክ ነው፣ የሳጥኑን ወለል አንድ ሶስተኛ ብቻ እንዲያሞቅ ነው ሚፈለገው፣ ሳጥኑ 35 ኢንች ከሆነ 11 ኢንች ወርድ ያለው ከኋላ በኩል ተዘርግቶ ልክ ይመጣል። እባቡ ሲሞቀው ወደ ፊት፣ ሲበርደው ወደ ኋላ እየሄደ ሙቀቱን ራሱ ይመርጣል። ቴፑ ሚተኛበትን ቦታ በራውተር (እንጨት ሚቦረቡር ማሽን) 1/8 ኢንች ያህል ዝቅ አድርጉት፣ ካልሆነ ሳጥኑ በወጣ በገባ ቁጥር ቴፑን ይፍቀዋል፣ የተፋቀ ቴፕ ደግሞ የእሳት መነሻ ነው። ሽቦ የማያያዝ ልምድ ከሌላችሁ ሽቦው የተገጠመለትን ግዙ፣ እዚ ላይ ብር ለመቆጠብ አትሞክሩ።

ከዛ ሁለቱን ጎን አቁማችሁ የታችኛውን አግዳሚ መሀላቸው ግጠሙ። ሳጥኑን አስቀምጡበት፣ አራቱ የጠርዙ ማዕዘኖች ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ያለፈባቸው የባንክ ካርዶች ደራርቡ፣ ፊደሉ ያላበጠውን ምረጡ። የአንድ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ነው፣ ሁለቱ ወደ 1.5 ይመጣሉ፣ ይሄውም 1/16 ኢንች አካባቢ ነው። ቀጣዩን አግዳሚ ካርዶቹ ላይ አሳርፉት፣ በሞርሳ ያዙት፣ ቀጭን ቀዳዳ ቀድማችሁ በድሪል ብሱና በየጎኑ ሶስት ሶስት ብሎን እሰሩት፣ ሜላሚን ሳይበሳ ብሎን ከገባበት ይሰነጠቃል። ካርዶቹን አውጡና ሳጥኑን ሳቡት ግፉት፣ ሳይነካ ሳይንገጫገጭ ከሄደ ወደሚቀጥለው እለፉ። እንዲ ከታች ወደ ላይ አንድ አንድ እያላችሁ ስትሰሩት እንጨቱ ትንሽ ቢወፍር ቢቀጥን እንኳን ክፍተቱ አይለወጥም። ከኋላ ሙሉ ጣውላ አትግጠሙ፣ ሳጥኑን ሚያቆም ቀጭን እንጨት ይበቃል፣ ሽቦ መውጫ ያስፈልጋል። አዲስ ለተፈለፈለ እርሳስ ለሚያህል እባብ ግን ይሄ ሁሉ አይሰራም፣ ክዳን ያለውና ሚቆለፍ ትንሽ ሳጥን ስጡት።

ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ሳይኖር ሂት ቴፕ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩ፣ ይሄን አጥብቄ ነው ምለው። ብቻውን የተሰካ ቴፕ እባብን ያቃጥላል። ሴንሰሩን መሀለኛው አግዳሚ ላይ ቴፑ ላይ በቀጥታ አድርጋችሁ በደንብ አጣብቁት፣ ከቦታው ከወደቀ ቴርሞስታቱ የቀዘቀዘ መስሎት ማሞቁን አያቆምም፣ ለዛ ሲበላሽ ሚጮኽ ማንቂያ ያለውን ምረጡ። ቴርሞስታቱ ላይ ያለው ቁጥር እባቡ ሚተኛበት ሙቀት አይደለም፣ የሳጥኑ ፕላስቲክ መሀል ላይ ስላለ ውስጡ ዝቅ ይላል። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ወለሉን እየለካችሁ ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ጎን 88 እስከ 90 ፋራናይት፣ ቀዝቃዛው 76 እስከ 80 እስኪመጣ አስተካክሉት። ላይኛው ሳጥን ከታችኛው ትንሽ ስለሚሞቅ ሁሉንም ለኩ። ባዶውን አንድ ሳምንት ያህል አሰሩት፣ ክፍሉ ውስጥም የጭስ ማንቂያ ይኑር።

የአየር ቀዳዳውን በድሪል ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ብረት አቅልጡት፣ ድሪል ሳጥኑን ይሰነጥቀዋል። ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ውጪ ሆናችሁ ስሩ፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ብሱት፣ ውስጥ የቀረ ሹል ነገር ካለ በቢላ ላጡት የእባቡን ሆድ እንዳይቧጭር። በየጎኑ በጥቂት ቀዳዳ ጀምሩ፣ ሳጥኑ ካላበው ጨምሩ፣ መጨመር ይቻላል መድፈን ግን ያስቸግራል። እርጥበቱ 60 ፐርሰንት አካባቢ ካልሆነ ቦል ፓይተን ቆዳውን ሲቀይር እየተቆራረጠ ይቀርበታል፣ ሁልጊዜ ከረጠበ ደግሞ የሆዱ ቅርፊት ይበሰብሳል።

እባብ በአፍንጫው ገፍቶ ሳጥኑን ወደ ፊት ሊያንሸራትት ይችላል። ከራኩ የፊት እግሮች ስር ስስ ሽብልቅ አስገቡና ትንሽ ወደ ኋላ ይዘንበል፣ በዛ ላይ በየሳጥኑ ፊት ሚዞር መያዣ ግጠሙ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ወይ እንግዳ ሚበዛ ከሆነ ቁልፍ ይሁን። ሳጥኑ ውስጥ ከባድ የውሃ ጎድጓዳና በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጎን መደበቂያ አይጥፋ።

አዲስ የገዛችሁትን እባብ ግን ቀጥታ እዚ ራክ ላይ አታስገቡት፣ ማይት ሚሏት ጥቃቅን ተባይ በዛች 1/16 ኢንች ክፍተት አልፋ ሁሉንም ትበክላለች፣ ሁለት ሶስት ወር ሌላ ክፍል ለብቻው ይቆይና ንጹህ መሆኑን ስታረጋግጡ ቦታውን ስጡት።