ሪአክተሩ እንቢ ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

በየዓመቱ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሪአክተር (ኬሚካል ሪአክሽን የሚካሄድበትን ዕቃ) በኮምፒውተር ሲሙሌተር ሲሰሩ ቴሌግራሜ ላይ የሚገባው ነገር አንድ አይነት ነው፣ ቀይ ኤረር ያለበት ስክሪንሾት፣ ከስሩ "ኮንቨርጅ አላደርግ አለኝ" የምትል መስመር፣ ስሌቱ መልስ ላይ አልረጋ አለኝ ማለታቸው ነው። ምን ሞከራችሁ ስላቸው ቶለራንሱን (የሚፈቀደውን ስህተት) አላላነው፣ ኢተሬሽኑን (የስሌቱን ዙር) ከ30 ወደ 500 አወጣነው ነው መልሱ። ኧረ ሶልቨሩን (እኩልታውን የሚፈታውን) ተዉት፣ እሱ ምን ያድርግ፣ የሰጣችሁትን ነው የሚፈታው። እኔ ካየሁት አብዛኛው ችግር ሶልቨሩ ጋር ከመድረሱ በፊት ያለ ነው፣ ወይ ዩኒት ላይ፣ ወይ ቴርሞው (ቴርሞዳይናሚክሱ) ላይ፣ ወይ ደሞ ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም። ስለዚ ከምልክቱ ተነስተን እንሂድ። ከሲሙሌተሮቹ አስፐን ፕላስ ተጠቀሙ ሃይሲስ ተጠቀሙ በነፃ የሚወርደውን ዲደብሊውሲም ተጠቀሙ ነገሩ ያው ነው።

ኮንቨርዥኑ ድፍን 0 ወይ ድፍን 100 ሲሆን

ኮንቨርዥን ማለት ከገባው ሪአክታንት ስንት በመቶው እንደተቀየረ ነው። ድፍን ቁጥር ሲመጣ ሁሌም ማለት ይቻላል ኪነቲክሱን (የሪአክሽኑን ፍጥነት ቁጥሮች) ስታስገቡ ዩኒት ተምታቶባችሁ ነው። ሁሉም ሰው የሰራትን ምሳሌ እንውሰድ፣ ፕሮፒሊን ኦክሳይድ ከውሃ ጋር ሆኖ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚሰጥባትን። ውሃው በጣም ብዙ ስለሆነ ሪአክሽኑ እንደ አንደኛ ኦርደር (ፍጥነቱ ከኦክሳይዱ መጠን ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ) ነው የሚሄደው፣ ለማስተማሪያ የሚሰጠው የአሬኒየስ ቋሚ ቁጥር 16.96 ትሪሊዮን በሰዓት፣ አክቲቬሽን ኢነርጂው ደሞ 75,362 ጁል በሞል ነው። ካልኩሌተር አውጡና 340 ኬልቪን ላይ አስሉት፣ የሬት ኮንስታንቱ (የፍጥነት ቋሚው) 45 በሰዓት አካባቢ ይመጣል። ሲኤስቲአሩ (ሁሌ የሚማሰለው ታንክ ሪአክተር) ውስጥ ያለው የቆይታ ጊዜ 0.12 ሰዓት ነው እንበል፣ ሁለቱ ሲባዙ 5.4፣ እሱን ለ6.4 ስታካፍሉ 84 በመቶ ኮንቨርዥን። እዚ ጋ ሲሙሌተሩ "በሰዓት" የተባለውን ቁጥር በሰከንድ አድርጎ ካነበበው ሁሉ ነገር በ3,600 ይባዛና 99.99 ምናምን ይላችኋል፣ እናንተም አሪፍ ሪአክተር ሰራን ብላችሁ ሪፖርት ትፅፋላችሁ።

በተቃራኒው ደሞ ኤክሴል ላይ ራሳችሁ የምትሰሩ ከሆነ በ340 ኬልቪን ፋንታ 67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካስገባችሁ ኤክስፖነንሻሉ ውስጥ ኔጋቲቭ 135 ይገባል፣ ከነጥቡ በኋላ 58 ዜሮ ነው፣ በትሪሊዮን ብታባዙትም ምንም አይሆንም። ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው፦ ካሎሪና ጁል በ4.184 ይለያያሉ። ግፊት በባር የተፃፈ ሬት ሶፍትዌሩ በፓስካል ሲጠብቀው ለእያንዳንዱ ኦርደር በ100,000 ትሳሳታላችሁ፣ ሁለተኛ ኦርደር ከሆነ የሁለቱን ብዜት አስቡት። ፔፐሩ ሬቱን በካታሊስት ኪሎ ሰጥቶ እናንተ በሪአክተር ቮልዩም ካስገባችሁትም ያው ነው። ፔፐሩ ላይ ያለውን ቁጥር ሳያዩ ኮፒ ፔስት ማድረግ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው በቃ።

መፍትሄው አሰልቺ ነው ግን ይሰራል፣ ሲሙሌተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ቴምፕሬቸርና አንድ ኮንሰንትሬሽን ምረጡና ሬቱን በእጅ አስሉ፣ ከዛ ሲሙሌተሩ በዛችው ነጥብ ላይ ከሚሰጣችሁ ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ሌላ ምንም አትንኩ።

ያው ፋይል ትናንት 99 ዛሬ 5 በመቶ ሲሰጥ

ይሄኛው ነው ሰው የሚያሳብደው። አንድ ልጅ ላፕቶፑ ቫይረስ ገብቶበት መስሎት ፎርማት አድርጎታል፣ እውነቴን ነው። ቫይረስ አይደለም፣ ሙቀት የሚያወጣ ሪአክሽን ያለበት አዲያባቲክ (ከውጭ ሙቀት የማይቀበል የማይሰጥ) ሲኤስቲአር ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ ሊኖረው ይችላል፣ ቫን ሄርደን የሚባለው ሰው በ1953 በግራፍ ያሳየው ነገር ነው።

ከላይ ያለውን ኪነቲክስ እንዳለ ያዙትና ነገሩ እንዲታይ ሁለት ቁጥር እኔ ልጨምር፦ ፊዱ (የሚገባው ፈሳሽ) 285 ኬልቪን ይግባ፣ ሪአክሽኑ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ ፈሳሹን በ100 ዲግሪ ያሙቀው። ከማስ ባላንሱ (ከቁስ ሂሳቡ) የሚወጣውን ኮንቨርዥን ለየቴምፕሬቸሩ ብትስሉት የኤስ ቅርፅ ያለው ከርቭ ይወጣል። የኢነርጂ ባላንሱ ደሞ ከ285 ተነስቶ በየ1 ዲግሪው 1 በመቶ የሚወጣ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሁለቱ ሶስት ቦታ ይቆራረጣሉ፦ 290 ኬልቪን ላይ 5 በመቶ፣ 305 ኬልቪን ላይ 20 በመቶ፣ 384 ኬልቪን ላይ 99 በመቶ። ሶስቱም ባላንሱን ያሟላሉ፣ ሶልቨሩም ሶስቱንም "ተፈታ" ብሎ በአረንጓዴ ያሳያችኋል፣ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው እናንተ የሰጣችሁት ወይም ካለፈው ራን ተርፎ የቆየው መነሻ ግምት ነው። ለዛ ነው ፋይሉን ሪሴት አድርጋችሁ ስትከፍቱት መልሱ የሚቀየረው።

የመሃለኛው 20 በመቶ ደሞ ጭራሽ ወጥመድ ነው፣ እዛ ጋ ትንሽ ሙቀት ከጨመረ የሚመረተው ሙቀት ፊዱ ከሚወስደው ይበልጥና ወደ ላይ ይሮጣል፣ ትንሽ ከቀዘቀዘ ወደ ታች ይጠፋል። በእውነተኛ ፋብሪካ ያለ ኮንትሮል እዛ ቆሞ የሚውል ሪአክተር የለም፣ ስቴዲ ስቴት (በጊዜ የማይለወጥ ሁኔታ ብቻ የሚፈታ) ሶልቨር ግን መረጋጋት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ዜሮ የሚሆንበትን ነጥብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እና ምን ይሻላል? መጀመሪያ ግራፉን ኤክሴል ላይ ሳሉት፣ አስር ደቂቃ ነው። ስንት መቆራረጫ እንዳለ ካወቃችሁ የምትፈልጉት አጠገብ መነሻ ቴምፕሬቸር ስጡት። ፋብሪካው እንዴት እንደሚነሳ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደሞ ወደ ዳይናሚክ (በጊዜ የሚለወጠውን ወደሚያሳየው) ቀይሩትና ታንኩን በቀዝቃዛ ፊድ ሞልታችሁ ልቀቁት፣ በዚህ ምሳሌ 290 ላይ ነው ተኝቶ የሚቀረው፣ ወደ 384 ለመውሰድ መጀመሪያ ከ305 በላይ ማሞቅ አለባችሁ። ስታርትአፕ ሂተር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚ በላይ የገባኝ ቀን የለም።

ጊብስ ሪአክተሩ ሜታኖል ስትጠብቁ ሜቴን ሲሰጣችሁ

ከካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሜታኖል ልስራ ብላችሁ ጊብስ ሪአክተር (ኪነቲክስ ሳያይ ኢኩሊብሪየሙን፣ ማለትም ሪአክሽኑ በመጨረሻ የሚረጋበትን ብቻ የሚያሰላ) ታስቀምጣላችሁ፣ ውጤቱ በዋናነት ሜቴንና ውሃ። ሶፍትዌሩ ልክ ነው፣ ቴርሞዳይናሚክሱ ሜቴንን ነው የሚወደው፣ ሜታኖል የሚገኘው የመዳብ ካታሊስቱ ወደ ሜቴን የሚወስደውን መንገድ ስለማያፋጥን ነው፣ ጊብስ ደሞ ካታሊስት አያውቅም። ሜቴንን ከምርት ሊስቱ አውጡት ወይ ኢነርት (ሪአክት የማያደርግ) አድርጉት፣ አለቀ።

የዚህ ተቃራኒ ደሞ አለ፣ የኪነቲክስ ሪአክተሩ ከኢኩሊብሪየም በላይ ኮንቨርዥን ሲሰጥ። የኋልዮሹን ሪአክሽን ረስታችሁታል ወይ ከሌላ ፔፐር አምጥታችሁ ለጥፋችሁታል። የኋልዮሹ ሬት ኮንስታንት የፊቱ ለኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው እንጂ ለብቻው ከዳታ የሚገመት ነገር አይደለም።

ጃኬቱ (የሪአክተሩ ማቀዝቀዣ ሽፋን) የማይታመን ኪሎዋት ሲጠይቅ

ከሞላሰስ ኢታኖል፣ ፊንጫና መተሃራ ስላሉ መሰለኝ ይሄን ርዕስ የማይወስድ ባች የለም። ግሉኮሱን ወይ ሞላሰሱን ሃይፖቴቲካል (ራሳቸው የሚፈጥሩት) ኮምፖነንት ብለው ይፈጥሩትና የፎርሜሽን ኢንታልፒ (ውህዱ ከኤለመንቶቹ ሲፈጠር ያለው ሙቀት) ሳጥኗን ባዶ ይተዋሉ፣ ሲሙሌተሩ ዜሮ ብሎ ሊወስዳት ይችላል። እንደዛ ከሆነ አስሉት እስቲ፣ ሁለት ኢታኖል በ277.7፣ ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ393.5፣ ድምሩ 1,342 ኪሎጁል ሙቀት ወጣ ይላል ለአንድ ሞል ግሉኮስ። የግሉኮሱ 1,273 ሲቀነስ እውነተኛው 69 ብቻ ነው። ወደ 20 እጥፍ የሚጠጋ የኩሊንግ ውሃ ዲዛይን አድርጋችሁ ነበር ማለት ነው። ሳጥኗን ሙሏት።

እዛው እያላችሁ ምርቱንም እዩት፣ 180 ግራም ግሉኮስ ከ92 ግራም ኢታኖል በላይ አይሰጥም፣ ከ51 በመቶ በላይ ካያችሁ ስቶይኮሜትሪው ላይ የተሳሳተ ነገር አለ። ውሃ የሚወጣበት ሪአክሽን ከሆነ ደሞ ፌዙን አረጋግጡ፣ ፈሳሽ ነው ስትሉ ተን ካደረጋችሁት በሞል 44 ኪሎጁል ትስታላችሁ።

ፒኤፍአሩ ላይ ሴግመንት ስትጨምሩ መልሱ ሲቀየር

ፒኤፍአር የቱቦ ሪአክተር ነው፣ ሲሙሌተሩ ቱቦውን በሴግመንት (በቁርጥራጭ) ከፍሎ ያሰላዋል። ሃይሲስ ካልነካችሁት 20 ሴግመንት ነው የሚወስደው። ሙቀት የሚያወጣ ሪአክሽን ካለና ሆትስፖቱ (በጣም የሚሞቀው ቦታ) ከቱቦው መግቢያ ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ 20 ሴግመንት ጫፉን ዘሎት ያልፋል። 40፣ 80 እያላችሁ ጨምሩ፣ ከፍተኛው ቴምፕሬቸር መቀየሩን እስኪያቆም። ካላቆመና የኩላንቱን (የማቀዝቀዣውን) ቴምፕሬቸር 2 ዲግሪ ስትጨምሩ ጫፉ በብዙ አስር ዲግሪ የሚዘል ከሆነ ግን የቁጥር ችግር አይደለም፣ ሪአክተራችሁ ራናዌይ (ሙቀቱ ከቁጥጥር የሚወጣበት) አፋፍ ላይ ነው፣ ቱቦውን አቅጥኑ ወይ ፊዱን አሳሱ። እዛው ላይ ኮንሰንትሬሽን ኔጋቲቭ ከሆነባችሁ አብዛኛው ጊዜ ዜሮ ኦርደር ወይ ግማሽ ኦርደር ኪነቲክስ ነው፣ ሪአክታንቱ አልቆ ሬቱ አልቆመም፣ ትንሽ ሲቀር ሬቱ ወደ ዜሮ እንዲወርድ አድርጋችሁ ፃፉት።

ሪሳይክሉ ሲዘጋ ብቻ የሚፈርስ ከሆነ

ሪሳይክል ማለት ሪአክት ያላደረገውን መልሶ ወደ ሪአክተሩ መላክ ነው። ይሄን ችግር አሞኒያ ሉፕ ላይ በብዛት አየዋለሁ። አርጎን ናይትሮጅኑ ከሚመጣበት አየር ጋር ይገባል፣ አየር ውስጥ 0.93 በመቶ አለ፣ ሪአክት አያደርግም፣ ከፈሳሹ አሞኒያ ጋር ሟሙቶ የሚወጣው ደሞ ትንሽ ነው። ፐርጅ (ከሉፑ ትንሽ ጋዝ ማስወጫ) ካልሰጣችሁት የሚገባ እንጂ የሚወጣበት በቂ በር የለውም፣ ስለዚ የሪሳይክሉን ስትሪም ከፍታችሁ በየኢተሬሽኑ የአርጎኑን ፍሰት ብታዩ ሲወጣ ሲወጣ ነው የምታገኙት። የስሌት ዘዴውን ወደ ዌግስታይን ቀይሩ ወደ ብሮይደን ቀይሩ ዋጋ የለውም፣ ጥያቄው መልስ አልነበረውም።

ከሪሳይክሉ ላይ ስፕሊተር (ስትሪሙን የሚከፍል) አስገቡና 5 በመቶውን አስወጡ፣ ኋላ ታሳንሱታላችሁ። የኪነቲክስ ሪአክተሩን ለጊዜው አውጡትና በቦታው 20 በመቶ ኮንቨርዥን የተሰጠው ቀላል ሪአክተር አድርጉ፣ ሉፑን በሱ ዝጉ፣ ሲረጋጋ የሪሳይክሉን ቁጥሮች እንደ መነሻ ይዛችሁ የኪነቲክሱን መልሱ። እና ከመመለሳችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ መብራት ሊሄድ ይችላል።