የጠበበ የልብ ደም ስርን በኮምፒውተር እንዴት እንፈትሽ?

ዓባይ ከጣና ሲወጣ በድንጋዮቹ መሃል የሚያልፈውን ውሃ ልብ ብላችሁ እዩት። ሲጠብበት ይፈጥናል፤ ድንጋዩን ሲያልፍ አዙሪት ይሠራል። ስብ በተጋገረበት የልብ ደም ስር ውስጥም ደሙ እንዲሁ ነው የሚሆነው። የጠበበ ሁሉ ግን ጡንቻውን ደም አያሳጣም። የቱ እንደሚያሳጣ በላፕቶፕ አስልቶ መገመት ይቻላል። ሲምቫስኩላር የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ መለማመጃም አለው።

መነሻው ደም ስሩን የሚያደምቅ ፈሳሽ ተወግቶ የሚነሳ የልብ ሲቲ ስካን ነው። ምስሉ ከደበዘዘ የቀረው ልፋት ውሃ በላው። ሐኪሞች አስቀድመው የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒትና ከምላስ ስር ናይትሮግሊሰሪን የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የደም ስሩን ጠርዝ እየተከተላችሁ ቅርጹን አውጡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የቀጥ ያለ ቱቦ ውስጠኛ ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት) በግማሽ ቢቀንስ ፍሰቱን የሚያግደው ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል፤ ትንሽ የእጅ ስህተት ውጤቱን ገደል ይከተዋል።

ከዚያ ሶፍትዌሩ ቅርጹን ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፍለዋል። የጠበበው ቦታ ላይ ክፍሎቹን ይበልጥ አሳንሱ፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ትልቁ ጣጣ ዳርና ዳሩ ላይ ነው። ደሙ በምን ግፊት እንደሚገባ፣ ወዲያ ያሉት ቀጫጭን ስሮች ምን ያህል እንደሚያግዱት ለኮምፒውተሩ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። የጣናን ከፍታ ሳያውቁ ጢስ ዓባይ ላይ የሚወርደውን ውሃ ማስላት አይሆንም። ስለዚህ የሰውየውን የራሱን የደም ግፊት አስገቡ። ስሌቱም ልብ በሥራ ላይ እንዳለች ተደርጎ ይሁን፤ ያረፈች ልብ ችግሯን ትደብቃለች።

አሁን አስጀምሩትና ቡና አፍሉ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መብራት ሳይጠፋ በየመሃሉ ሴቭ ማድረግን አትርሱ!

ውጤቱ በቀለም አሸብርቆ ይመጣል። ቀለሙ አያታላችሁ፤ ቁጥሩን ፈልጉ። ከጠበበው ወዲያ ያለውን አማካይ ግፊት ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ግፊት አካፍሉ። 100 ገብቶ 75 ከቀረ 0.75 ነው። 0.80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የጠበበው ቦታ ፍሰቱን እያወከ ነው ተብሎ ይታሰባል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለውን ስሌት ለሕክምና የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ያም ለአንድ ለተፈተሸ ሶፍትዌር ነው። የእናንተው መማሪያ ነው። ቤት ውስጥ ደረቱን የሚያመው ሰው ካለ ላፕቶፑን ዝጉና ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።